ሰርቨሩ «ደህና ነኝ» እያለ ኤጀንቱ ለምን ባዶ እጁን ይመለሳል?

ጥያቄሽን ሌላውም አንባቢ እንዲከታተል በአጭሩ ላስቀምጠው። ኮምቦልቻ ሆናችሁ ለግብርና ባለሙያዎች የሚያገለግል የኤአይ ኤጀንት፣ ማለት ሲጠየቅ ራሱ ፈልጎ የሚመልስ ፕሮግራም፣ ሰርታችኋል። ኤጀንቱ መረጃ የሚያመጣው በአንድ የሰርች ሰርቨር በኩል ነው፣ ሰርቨሩ በኤምሲፒ (የኤአይ ሞዴል የውጭ መሳሪያዎችን የሚጠራበት የግንኙነት ደንብ) ነው የተገናኘው፣ ሁሉም ያለው አንድ አሮጌ ዴስክቶፕ ላይ ነው፣ ከስሩ ደሞ ሁለት ነገር አለ፣ የራሳችሁን 400 ምናምን ዶክመንት የያዘ ኢላስቲክሰርች እና ጥያቄውን ለብዙ ሰርች ኢንጂኖች ልኮ ኢንተርኔቱን የሚያስስላችሁ ሰርክስኤንጂ። ስታተስ ቼክ የሚባል ቱል፣ ማለት ኤጀንቱ የሚጠራው መሳሪያ፣ ሰርታችሁለታል፣ ሲጠራ «ኦኬ» ይላል። ኤጀንቱ ግን ማሽላ ላይ ስለሚወጣው ጥገኛ አረም፣ ስለ አቀንጭራ፣ ሲጠየቅ «ምንም መረጃ አላገኘሁም» ይላል፣ እናንተ በእጃችሁ ያስገባችሁት ዶክመንት እዛው ቁጭ ብሎ፤ ሌላ ጊዜ ደሞ ከራሱ የኬሚካል መጠን ፈጥሮ ይናገራል። «ስታተሱ ኦኬ እያለ ይሄ እንዴት ይሆናል፣ ስታተስ ቼክስ በትክክል ምን ማየት አለበት?» ነው ያልሽው።

አብሽሪ እህቴ፣ ይሄ ብዙ ሰው የሚገጥመው ነገር ነው፣ መፍትሄም አለው። ግን ከመፍትሄው በፊት ያ «ኦኬ» የምትለዋ ቃል ምን ማለት እንደሆነች እንይ።

እኛ ወሎ ላይ ሰው «እንዴት አደርክ» ሲባል ትኩሳት ላይ ሆኖ እንኳ «ደህና፣ አልሃምዱሊላህ» ነው የሚለው፣ ወይ «ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ይላል። ሰላምታ ነዋ፣ መልሱም ምስጋና ነው እንጂ የጤና ሪፖርት አደለም። ጤና ጣቢያ ስትሄጂ ግን ነርሷ ሰላምታሽን ተቀብላ ቴርሞሜትሩን ብብትሽ ስር ታስገባለች። የናንተ ስታተስ ቼክ ሰላምታው ላይ ነው የቆመው። ሰርክስኤንጂ ላይ ሄልዝዚ የምትባል አድራሻ አለች፣ ስትጠይቂያት «ኦኬ» ትላለች፣ የምትነግርሽም ፕሮሰሱ ተነስቷል፣ ጥያቄ ይቀበላል የሚለውን ብቻ ነው። ከሰርች ኢንጂኖቹ ጋር ይገናኝ፣ ካፕቻ (ሰው መሆንህን አረጋግጥ የሚለው ፈተና) ይጠየቅ፣ ኔትወርኩ ይኑር አይኑር በሷ አይታወቅም። የተሰራችውም ለዛ አደለም፣ «ኮንቴይነሩን (ፕሮግራሙ የሚሮጥበትን ሳጥን) ሪስታርት ላርገው ወይስ ልተወው» ለሚል ማሽን ነው፣ ለሱ በቂ ነች። ለኤጀንት ግን አትበቃም፣ ምክንያቱም የኤጀንቱ ጥያቄ ሌላ ነው፣ «አሁን ብፈልግ አገኛለሁ ወይ? ካላገኘሁስ ነገሩ የለም ልበል ወይስ መፈለግ አልቻልኩም ልበል?» ነው የሚለው።

እዚች ሁለተኛዋ ላይ ነው ሁሉ ነገር ያለው። «የለም» እና «መፈለግ አልቻልኩም» ሰማይና ምድር ናቸው። ቃሉ ወይም ኮቦ አካባቢ ያለ ገበሬ ማሽላው ላይ ያቺን ሐምራዊ አበባ ያላት አቀንጭራ አይቶ የልማት ሰራተኛውን ሲጠይቅ፣ የልማት ሰራተኛው ደሞ ኤጀንቱን ሲጠይቅ፣ «ስለዚህ ምንም መረጃ የለም» የሚል መልስ ከመጣ ሰውየው ያምነዋል፣ ወደ ሌላ ይሄዳል። «አሁን ፍለጋው አይሰራም፣ ቆይተህ ጠይቀኝ» ቢለው ግን ይጠብቃል ወይ ወረዳ ደውሎ ይጠይቃል። ልዩነቱ የአንድ ሰው ማሳ ነው። ስለዚ ይሄን ነገር እንደ ትንሽ የኮድ ስህተት አትዪው።

አሁን ኮዳችሁን ሳላየው እንኳ መጀመሪያ የምጠረጥረውን ልንገርሽ። ፍለጋውን የሚያደርገው ፋንክሽን ውስጥ ትራይ እና ኤክሴፕት (ስህተት ሲመጣ የሚይዝ የኮድ ክፍል) አለ፣ ኤረር ሲመጣ ፕሮግራሙ እንዳይወድቅ ብላችሁ ባዶ ሊስት ትመልሳላችሁ። ሁሉም ሰው እንዲ ያደርጋል፣ ሲጽፉት ጥንቃቄ ነው የሚመስለው። ግን ኤጀንቱ ጋ የሚደርሰው ባዶ ሊስት ነው፣ ባዶ ሊስት ደሞ «ፈልጌ አጣሁ» ማለት ነው፣ ኤጀንቱ ምን ያድርግ? ወይ «የለም» ይላል ወይ ክፍተቱን ከራሱ ይሞላዋል፣ ሁለቱንም አይታችኋል። ኤምሲፒ ለዚህ ራሱ መንገድ አለው፣ የቱሉ መልስ ላይ ኢዝኤረር የምትባል ምልክት አለች፣ እሷን ትሩ አርጋችሁ ከስሯ የሆነውን በሰው ቋንቋ መጻፍ ነው፣ «የዶክመንት ፍለጋው አልተሳካም፣ ኢላስቲክሰርች በ 3 ሰከንድ ውስጥ አልመለሰም፣ ይሄ መረጃ የለም ማለት አይደለም» ብላችሁ። ያቺን የመጨረሻዋን ሀረግ አትተዋት፣ ሞዴሉ፣ ማለት ኤጀንቱ ውስጥ ያለው ኤአይ፣ እንደ ሰው ነው የሚያነበው፣ የተነገረውን ነው የሚይዘው። ይሄን ሳታስተካክሉ ምንም አይነት ስታተስ ቼክ ብትሰሩ ኤጀንቱ መቼ መጥራት እንዳለበት እንኳ አያውቅም፣ ምክንያቱም በሱ በኩል የተበላሸ ነገር የለም።

ወደ ስታተስ ቼኩ ልመለስ። ዋናው ነገር በእውነት መፈለግ አለበት። መልሱን አስቀድማችሁ የምታውቁት አንድ ጥያቄ ያዙ፣ ለምሳሌ «አቀንጭራ»፣ የትኛው ዶክመንት መምጣት እንዳለበትም ታውቃላችሁ፣ መለያ ቁጥሩን መዝግቡ፣ ስታተስ ቼኩ ሲጠራ ኤጀንቱ በሚሄድበት በዛው መንገድ፣ በዛው ፋንክሽን፣ በዛው ታይምአውት (የመጠበቂያ ገደብ) ያቺን ጥያቄ ይጠይቅ፣ ያ ዶክመንት ከመጡት ውስጥ አለ ወይ ብሎ ይይ። በሌላ አቋራጭ ከሄደ ዋጋ የለውም። ስታተስ ቼኩ በቀጥታ ፖርት 9200 ላይ ኢላስቲክሰርችን ጠይቆ «አለ» ሲል ኤጀንቱ ግን በሌላ ኮድ በኩል በተሳሳተ የኢንዴክስ (ዶክመንቶቹ የሚቀመጡበት ማውጫ) ስም ሲፈልግ የነበረበት ሲስተም በዓይኔ አይቻለሁ፣ ለሳምንታት «ኦኬ» ይል ነበር።

እና አንድ ጥያቄ አይበቃም፣ በተለይ አማርኛ ላይ። ይሄን ትንሽ ላብራራው ምክንያቱም ፈረንጅ የጻፈው መመሪያ ላይ ብዙም አታገኚውም። የሐይቅን ከተማ ስም ሰው እንዴት እንደሚጽፈው አስቢ፣ አንዱ በሐመሩ «ሐይቅ» ይላል፣ አንዱ በሃሌታው «ሀይቅ»፣ አንዱ «ኃይቅ»። ለኛ አንድ ነው፣ ስናነበው ልዩነቱ ትዝም አይለን። ለማሽን ግን ሶስት የተለያዩ ቃላት ናቸው፣ ሀ በዩኒኮድ (ለእያንዳንዱ ፊደል ቁጥር በሚሰጠው ዝርዝር) 1200 ላይ ነው ያለው፣ ሐ 1210 ላይ፣ ኃ 1283 ላይ፣ እንደ ሀ እና እንደ መ ያህል ነው የሚራራቁት። ኢላስቲክሰርች ለአማርኛ አብሮ የሚመጣ አናላይዘር (ጽሁፉን ለፍለጋ የሚያዘጋጅ ክፍል) የለውም፣ ስለዚ ራሳችሁ ካራክተር ፊልተር (ፊደል የሚቀይር ማጣሪያ) ካላስገባችሁ በስተቀር በ«ሐይቅ» የተጻፈ ዶክመንት በ«ሀይቅ» ሲፈለግ አይገኝም። ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀም እንደዛው። አቀንጭራ ላይም አንዱ «አቀንጭራ» አንዱ «ዐቀንጭራ» ሊጽፍ ይችላል፣ ዶክመንቱን ያዘጋጁት ሽማግሌ ባለሙያ ከሆኑ በድሮው ስርአት በዓይኑ ጽፈውት ሊሆን ይችላል፣ ኤጀንቱ ደሞ በአልፋው ነው የሚጠይቀው። ይሄ ብቻውን ያንቺን ችግር ሊያመጣ ይችላል፣ ሰርቨሩ ሙሉ ጤነኛ ሆኖ ማለት ነው። ስለዚ የሙከራ ጥያቄዎቻችሁ ውስጥ ጥንድ ጥንድ አስገቡ፣ «ሐይቅ» እና «ሀይቅ» አንድ አይነት ዶክመንት ካላመጡ ሪፖርቱ «የፊደል ማስተካከያው አይሰራም» ይበል። ማስተካከያው ራሱ ከባድ አደለም፣ ማፒንግ የሚባለው ካራክተር ፊልተር ላይ ሞክሼዎቹን፣ ማለት ድምጻቸው አንድ የሆኑትን ፊደሎች፣ ወደ አንድ የሚያመጣ ዝርዝር መጻፍ ነው፣ ዶክመንቱ ሲገባም ጥያቄው ሲመጣም በዛው ፊልተር እንዲያልፍ፣ ከዛ ዶክመንቶቹን እንደገና ኢንዴክስ ማድረግ። አንዱን ብቻ ካደረጋችሁ ከበፊቱ ይብሳል።

አማርኛን በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር። እያንዳንዱ ፊደላችን በዩቲኤፍ 8 (ጽሁፍ ኮምፒውተር ላይ የሚቀመጥበት ስርአት) ሶስት ባይት ነው፣ «ደሴ» ሁለት ፊደል ሆና ስድስት ባይት ትይዛለች። አንድ ሰው ኮዱ ውስጥ ጽሁፍ ሲያሳጥር በባይት ቆጥሮ ከቆረጠ ፊደሉ መሀሉ ላይ ይሰነጠቃል፣ ከዛ የሚመጣው ወይ ኤረር ነው ወይ ያ የጥያቄ ምልክት ያለበት ጥቁር ዳይመንድ። የሙከራ ጥያቄያችሁ በእንግሊዝኛ «ቴስት» የምትል ከሆነች ይሄንን መቼም አታዩትም። በአማርኛ ነው መፈተሽ ያለባችሁ፣ ተጠቃሚው የሚጠይቀው በአማርኛ ስለሆነ።

ኢንተርኔት ፍለጋው ላይ ደሞ ሌላ ነው ነገሩ። ሰርክስኤንጂን በጄሶን (ፕሮግራም በሚያነበው የመልስ ቅርጽ) ስትጠይቂው 403፣ ማለት ተከልክሏል፣ ከመለሰ ብዙ አትድከሚ፣ ጄሶን ከመጀመሪያው ዝግ ሆኖ ነው የሚመጣው፣ ሴቲንግስ ፋይሉ ላይ ሰርች ከሚለው ስር ፎርማትስ ላይ ጄሶንን ጨምሪበትና ሪስታርት አድርጊ። 200፣ ማለት ተሳክቷል፣ መልሶ ውጤቱ ባዶ ከሆነ ግን መልሱ ውስጥ አንሪስፖንሲቭ ኢንጂንስ የሚል ዝርዝር አለ፣ እሱን አንብቢው፣ ያልመለሱት ኢንጂኖች ከነምክንያታቸው እዛ ላይ ይጻፋሉ፣ ታይምአውት ነው፣ ካፕቻ ነው፣ ብዙ ጠየቃችሁ ብሎ ዘግቷችሁ ነው። ይሄ ዝርዝር ወርቅ ነው፣ ብዙ ሰው ግን አያነበውም፣ ውጤቱን ወስዶ የቀረውን ይጥለዋል። ባዶ ውጤት ሆኖ ዝርዝሩም ባዶ ከሆነ በእውነት ፈልጎ አጥቷል፣ ባዶ ውጤት ሆኖ ዝርዝሩ ውስጥ ሁሉም ኢንጂን ካለ አልፈለገም። ያቺ ከላይ ያልኩሽ ልዩነት እዚ ላይ በቁጥር ተጽፋ ቁጭ ብላለች። የውጤት ብዛት በሚለው ቁጥር ግን አትተማመኚ፣ ውጤት መጥቶም ዜሮ ሊል ይችላል፣ የመጡትን ራስሽ ቁጠሪ።

ታይምአውቱንም ተመልከቺ። ሰርክስኤንጂ ለእያንዳንዱ ኢንጂን የሚጠብቀው በዲፎልት 3 ሰከንድ ነው። ፈጣን መስመር ላለው በቂ ነው፣ እኛ ጋ ከሰአት ኔትወርኩ ሲጨናነቅ ወይ በሞባይል ዳታ ስትሰሩ ሁሉም ኢንጂኖች አምስተኛው ሰከንድ ላይ ሊመልሱ ይችላሉ፣ በዛ ሰአት የሚቀበላቸው የለም። ጠዋት የሚሰራ ከሰአት የማይሰራ ሰርች ካለሽ መጀመሪያ እሱን ጠርጥሪ፣ ወደ 6 ወይ 8 አሳድጊው፣ ግን የኤጀንቱ የራሱ ታይምአውት ከዛ መብለጥ አለበት፣ ካልሆነ ኤጀንቱ ዘግቶ ከሄደ በኋላ ነው ሰርቨሩ መልስ ይዞ የሚመጣው።

አሁን የደረሰብኝን ልንገርሽ፣ ከዚ ጋር ስለሚገናኝ። በ2017 ዓ.ም ሰኔ ላይ ደሴ አንድ ቢሮ ውስጥ ልክ እንደናንተ አንድ አሮጌ ዴስክቶፕ ላይ የተሰራ የሰርች ሰርቨር ነበር። ሌሊት መብራት ጠፍቶ ጠዋት መጣ፣ ማሽኑ ተነሳ፣ ሁሉም ሰርቪስ አረንጓዴ ሆነ፣ ሄልዝ ቼኩ ኦኬ ይላል፣ ኢንተርኔት ፍለጋው ግን ሙሉ በሙሉ ሞቷል። ኬብል ቀያየርኩ፣ ራውተር አጠፋሁ አበራሁ፣ ፋየርዎሉን አንድ በአንድ አየሁ፣ ከስልኬ ኢንተርኔቱ ይሰራል ከማሽኑ ግን አንድም ኢንጂን አይመልስም። ወደ ምሳ ሰአት ላይ ሎጉን ቁጭ ብዬ መስመር በመስመር ሳነብ «ሰርተፍኬቱ ገና አልጸናም» የሚል አየሁ። ቀኑን ጠየቅኩት፣ ማሽኑ 2017 ይላል፣ ወሩን 10። ለካ የማዘርቦርዱ ባትሪ፣ ያቺ እንደ ሳንቲም ያለችዋ፣ አልቃለች፤ መብራት ሲመጣ ማሽኑ ቀን ጠየቀ፣ ቢሮው ውስጥ ቀድሞ የገባው ሰው በቅንነት ግድግዳው ላይ ያለውን ካላንደር አይቶ ሞላው። ሰኔ 2017። በኛ ትክክል ነው፣ በፈረንጅ ግን 2025 መሆን ነበረበት። ማሽኑ ከስምንት አመት ገደማ በፊት ያለ መስሎት ስለነበር የድረገጾቹ የደህንነት ሰርተፍኬት ሁሉ ለሱ ወደፊት የሚሰጥ ነው፣ አንዱንም አልተቀበለም። ሰአቱን ከኔትወርክ እንዳያስተካክል ደሞ ቢሮው ፋየርዎል ላይ ኤንቲፒ፣ ሰአት በኔትወርክ የሚስተካከልበት መንገድ፣ ዝግ ነበር።

ከዛን ቀን ጀምሮ በምሰራው ስታተስ ቼክ ሁሉ ውስጥ የመጀመሪያዋ ነገር ሰአት ነች። ኔትወርክ እንኳ አትፈልግም፣ አሁን ያለው ቀን ሶፍትዌሩ ከተሰራበት ቀን ወይም የመጨረሻው ዶክመንት ከገባበት ቀን ወደ ኋላ ከሆነ ሰአቱ በእርግጠኝነት የተሳሳተ ነው፣ አንድ መስመር ኮድ ናት። እናንተ ጋም መብራት ስለሚሄድ አስገቧት። ሪፖርቱ ላይ የሚጻፈው ሰአትም የየት እንደሆነ ይነገር፣ ዩቲሲ 6:00 ማለት በኛ ኮምፒውተር 9:00 ነው፣ በኛ አፍ ደሞ ጠዋት 3 ሰአት፣ ሶስቱ ከተደባለቁ «የመጨረሻው ፍተሻ» መቼ እንደሆነ ማንም አያውቅም።

ኢላስቲክሰርቹ ላይ ሁለት ሶስት ነገር። በአንድ ማሽን ላይ ስለሆነ የክላስተሩ ቀለም፣ ማለት ኢላስቲክሰርች ጤናውን የሚናገርበት ቀለም፣ ቢጫ ሊሆን ይችላል፣ ቅጂውን የሚያስቀምጥበት ሁለተኛ ማሽን ስለሌለው ነው፣ ፍለጋውን አይጎዳም፣ ስለዚ ቢጫን «ተበላሽቷል» ብላችሁ ለኤጀንቱ አትንገሩት፣ ያለምክንያት ይሸበራል። ቀይ ግን ከባድ ነው፣ የተወሰነው ዳታ የለም ማለት ነው፣ እና የሚያታልለው ነገር ቀይ ሆኖም 200 ብሎ ያለውን ያህል ሊመልስልሽ ይችላል፣ ሻርድስ (የኢንዴክሱ ክፍልፋዮች) የሚለው ውስጥ ሰክሰስፉል የሚለው ቁጥር ቶታል ከሚለው ማነሱን ካላየሽ የተወሰነው እንደጎደለ አታውቂም። ሌላው ዲስክ ነው፣ ዲስኩ 95 ፐርሰንት ሲሞላ ኢላስቲክሰርች ኢንዴክሱን ለንባብ ብቻ ያደርገዋል፣ ፍለጋው እንደ ድሮው ይሰራል ግን አዲስ ዶክመንት አይገባም። ያን ጊዜ ሁሉ ነገር ጤነኛ ይመስላል፣ ባለሙያዎቹ ትናንት ያስገቡት ማስጠንቀቂያ ግን የለም። ስለዚ ስታተስ ቼኩ የዶክመንቶቹን ብዛትና የመጨረሻው የገባበትን ቀን ይናገር፣ ሁለቱን ቁጥሮች ብቻ አይቶ ሰው ነገሩ ይገባዋል።

ሰርቨራችሁ በስታንዳርድ ኢንፑት አውትፑት (በፕሮግራሙ የራሱ መግቢያና መውጫ መስመር) የሚሰራ ከሆነ ደሞ፣ ፓይተን ስለሆነ ይመስለኛል፣ ኮዱ ውስጥ የቀረች አንዲት ፕሪንት እንኳ አትኑር። በዛ መንገድ ስታንዳርድ አውትፑት ላይ መውጣት ያለበት የኤምሲፒ መልእክት ብቻ ነው፣ «እዚ ደርሻለሁ» ብላችሁ ለሙከራ የጻፋችኋት ፕሪንት መልእክቱ መሀል ትገባና ግንኙነቱን ታበላሻለች፣ አንዳንዴ ብቻ ስለምትታተም ደሞ ችግሩ አንዳንዴ ብቻ ነው የሚመጣው። ሎግ ሁሉ ወደ ስታንዳርድ ኤረር ይሂድ።

አሁን ሪፖርቱ ራሱ። የሚያነበው ሞዴል ነው፣ ግን ሌሊት ሲበላሽ የምታነቢው አንቺ ነሽ፣ ለሁለታችሁም የሚገባ ይሁን። እኔ እንዲ ነው የማደርገው፣

«ጠቅላላ፦ በከፊል ይሰራል። የማሽኑ ሰአት፦ ትክክል። የራሳችን ዶክመንቶች፦ ይሰራል፣ 412 ዶክመንት፣ የመጨረሻው የገባው ከ 2 ቀን በፊት፣ የሙከራ ጥያቄ 4 ከ 4 ተገኝቷል። የኢንተርኔት ፍለጋ፦ አይሰራም፣ ከ 4 ኢንጂን 4ቱም ታይምአውት። ምን ይደረግ፦ ከራሳችን ዶክመንት ብቻ መልስ፣ የኢንተርኔት ፍለጋ ለጊዜው እንደማይሰራ ለተጠቃሚው ንገር፣ ከ 5 ደቂቃ በፊት ደግመህ አትሞክር።»

በቃ፣ ይሄው ነው። «በከፊል» የምትለዋን አትዝለሏት፣ አብዛኛውን ጊዜ እውነቱ እሱ ነው፣ «ኦኬ» እና «ፌይል» ብቻ ያለው ስታተስ አንዱ ክፍል ሲበላሽ ወይ ይዋሻል ወይ የሚሰራውንም አብሮ ያስጥላል። «ምን ይደረግ» የምትለዋን ደሞ ራሳችሁ ጻፏት፣ ለሞዴሉ አትተዉለት። «ኮኔክሽን ሪፊውዝድ» የሚል ጥሬ ኤረር ብቻ ስትሰጪው ሰርቨሩን ልጠግን ብሎ የማይመለከተው ነገር ውስጥ ሊገባ ይችላል፣ ወይ ያቺኑ ጥያቄ ሀያ ጊዜ ይደጋግማል። ከውጪ ድረገጽ የመጣ የኤረር ጽሁፍም እንዳለ አትገልብጡለት፣ ሰው የጻፈው ጽሁፍ ስለሆነ ውስጡ ምን እንዳለ አይታወቅም፣ በራሳችሁ ቃል አሳጥሩት። የኤፒአይ ቁልፍ፣ ማለት አገልግሎቱን የሚከፍተው ሚስጥራዊ ኮድ፣ ደሞ በጭራሽ፣ የመጀመሪያዎቹ አራት ፊደሎች እንኳ አይውጡ፣ «ቁልፉ አለ» ወይ «ቁልፉ የለም» ይበቃል፣ ምክንያቱም ሪፖርቱ ወደ ሞዴሉ ይሄዳል፣ ውይይቱ ውስጥ ይቀራል፣ ሎግ ላይ ይቀመጣል።

መቼ ይጠራ የሚለው የቱሉ መግለጫ ላይ ይጻፍ፣ «ፍለጋ ኤረር ሲመልስ ወይም ሁለት ጊዜ ተከታትሎ ባዶ ሲሆን ጥራው፣ ከእያንዳንዱ ፍለጋ በፊት አትጥራው» ብላችሁ። ይሄ ካልተጻፈ ኤጀንቱ ጥንቁቅ የሆነ እየመሰለው በየጥያቄው ይጠራዋል፣ እያንዳንዱ ስታተስ ቼክ እውነተኛ ፍለጋ ስለሚያደርግ ደሞ ኢንጂኖቹን ያጨናንቅና 429፣ ማለት ብዙ ጠየቃችሁ የሚል ክልከላ፣ ያስመጣባችኋል፣ መመርመሪያው ራሱ በሽታ ሆነ ማለት ነው። ስለዚ ውጤቱን ለ 60 ሰከንድ ያህል ያዙት፣ በዛ ውስጥ ደግሞ ከተጠራ ያንኑ ይመልስ፣ «ይሄ ከ 20 ሰከንድ በፊት የታየ ነው» ብሎ እየተናገረ። ለእያንዳንዱ ክፍል የጊዜ ገደብ ይኑረው፣ ክፍሎቹም ጎን ለጎን ይሂዱ፣ አንዱ ስለተንጠለጠለ ሙሉው ሪፖርት መንጠልጠል የለበትም፣ የተንጠለጠለው «አልመለሰም» ተብሎ ይጻፍና ሌላው ይውጣ። ምንም ነገር አይቀይር፣ ሪስታርት አያድርግ፣ ኢንዴክስ አይንካ፣ ኤምሲፒ ላይ ይሄ ቱል ንባብ ብቻ ነው ብሎ የሚናገር ሪድኦንሊ ሂንት አለ፣ አስገቡት።

ይሄን ሁሉ ዛሬ አትሰሪውም፣ አትቸኩይ። ግን ሶስት ነገር ዛሬ ማታ ማየት ትችያለሽ። አንደኛ ተርሚናል ላይ ግቢና የማሽኑን ቀን እዪ። ሁለተኛ ኮዱ ውስጥ ኤክሴፕት ካለ በኋላ ባዶ ሊስት የሚመልስ መስመር ፈልጊ፣ እሱን ወደ ኢዝኤረር ቀይሪው። ሶስተኛ ኤጀንቱን ሳትነኪ ራስሽ ኢላስቲክሰርቹን አንዴ በ«አቀንጭራ» አንዴ በ«ዐቀንጭራ» ጠይቂውና ስንት ስንት እንደመጣ ጻፊልኝ። ሁለቱ ቁጥሮች ከተለያዩ የፊልተሩን ዝርዝር እኔ የምጠቀምበትን ሞክሼዎቹን ሁሉ ጽፌ እልክልሻለሁ፤ እኩል ከሆኑ ደሞ ያ «አላገኘሁም» ያለበትን ሰአት የሰርቨሩን ሎግ ይዘሽ ነይ፣ አብረን እናነበዋለን።